ያለ ስፖኪዮ አልነዳም

የኮምፒውተሬ ካርድ የሞተው ቁልቁለት ላይ ነው። አርብ ከሰዓት ከጡሩምባ ጋር ተከታትለን ተራራውን እየወረድን ሳለ ስክሪኑ በቀይና በአረንጓዴ መስመር ተዥጎረጎረ፣ ቀጥሎ ጭልም አለ፣ ከጠረጴዛው ሥርም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። እግሬ ፍሬኑን እንደረገጠ ቀረ። በጆሮ ማዳመጫው ጡሩምባ «አንቺ ፍሬን፣ የት ገባሽ?» እያለ ይጠራኛል። ገደል ገባሁ ልበለው?

ፍሬን የምባለው እኔ ነኝ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ፤ ስሙን ያወጡልኝ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፣ ድመት ባይም እቆማለሁና። ጡሩምባ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ክላክሱን ካልተጫነ የነዳ የማይመስለው ሰው። ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። አሁን አርብ አርብ እሱ ከቤቱ፣ እኔ ከቤቴ ኮምፒውተራችንን ከፍተን ጌሙ ውስጥ መንገድ ላይ እንገናኛለን፤ እሱ ጭነቱን ይዞ፣ እኔ ሰዎቼን ጭኜ። አዎ፣ ጌም ነው። በስልሳ አራት ዓመቴ ጌም እጫወታለሁ። የሚስቅ ካለ ስቆ ይጨርስና እንቀጥል።

መንጃ ፈቃዴን ያስወሰደብኝ የግራ ዓይኔ ነው። ለእድሳት የሄድኩ ቀን ሐኪሙ ቀኝ ዓይኔን በካርቶን ሸፈነና «ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያውን ፊደል ያንብቡልኝ» አለኝ። «የቱ ሰሌዳ?» አልኩት። በቃ፣ ሥራዬ እዚያው አለቀ። ሲያሰናብቱኝ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ሰዓት ምን ይሠራልኛል? የምደርስበት ፌርማታ የለኝ።

ጌሙ ውስጥ ግን የግራውን ስፖኪዮ ነቅሎ ወደ ቀኝ ማምጣት ይቻላል። ይህን ያሳየኝ ጡሩምባ ነው። ሁለቱም ስፖኪዮዎች በስክሪኑ ቀኝ ጥግ ላይ ተደራርበው ተቀመጡልኝ፣ በደህናው ዓይኔ በኩል። ያን ቀን ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በግራዬ የሚመጣ መኪና አየሁ። አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ። እና ካርዱ ሲቃጠል የተቃጠለው ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ዳግመኛ ከመሪ ላይ አወረዱኝ ነው የተሰማኝ። አሁንስ አልወርድም አልኩ።

ልጄ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቲማቲም ስገዛ እንኳ ስለሚመረምረኝ ኦዲተሩ እለዋለሁ። አዲስ ግራፊክስ ካርድ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ምስሉን የሚሠራውን ዕቃ፣ ልገዛ ነው ስለው «ጥሩ ሶፋ አይሻልሽም?» አለኝ።

«ሶፋ ይነዳል?»

«እማዬ፣ ለወገብሽ ብዬ ነው።»

«ወገቤ መሪ ሲይዝ ነው የሚሻለው።»

ተወኝ፤ ግን «ብቻሽን ከሄድሽ ያታልሉሻል» ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ተከትሎኝ መጣ። ሱቁ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ቀስ እያልኩ ወጣሁ። ኦዲተሩ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የግድግዳውን ማስታወቂያ የሚያነብ መስሎ ቆመና ትንፋሹን ሰበሰበ። የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ነበር።

ሻጩ ጎልማሳ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉም ከእጁ የማይዘገይ። ገና እንደገባን ወደ ልጄ ዞሮ «ወንድሜ፣ ምን ዓይነት ጌም ነው የምትጫወተው?» አለው።

«የምጫወተው እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እሱም ሳቁን ቶሎ ዋጠና «እሺ እማማ፣ ይቀመጡ» አለ። ሁለት ካርዶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱ ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ እንደ ጡብ የሚከብድ ነው። ሌላው ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ ቀለል ያለ። የትልቁ ዋጋ ከትንሹ እጥፍ ጥቂት ይጎድላል።

ከዚያ ሻጩ ይተነትን ጀመር። ግን ለማን? ለልጄ። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ቃሉ በራሴ ላይ እየተሻገረ ይሄዳል። ትልቁ በሴኮንድ ይህን ያህል ምስል ይሠራል፣ ትንሹ ይህን ያህል፤ የትልቁ ሜሞሪ እንዲህ፣ የትንሹ እንዲህ። መጨረሻ ላይ «ትልቁ አዳዲስ ጌሞችን ሰባት ዓመት ይሸከማል። ትንሹ ግን ሦስት፣ ቢበዛ አራት ዓመት ነው፤ ከዚያ ይደክማል» አለ።

ልጄ ፈገግ ብሎ «ለሰባት ዓመት ምን ያደርግላታል? ትንሹ ይበቃታል» አለ።

ክፉ አስቦ አልነበረም። ያበሸቀኝም ይኸው ነው፤ ክፉ አስቦ ቢሆን ኖሮ መልሱን አላጣም ነበር። እንደ ቀላል ሒሳብ ነው ያወጣው፤ የእኔን ዕድሜ ከካርዱ ዕድሜ ቀንሶ ትርፉን ጣለው። ሻጩ አቀርቅሮ የጠረጴዛውን አቧራ በእጁ ጠረገ። ደሜ ፈላ። በልቤ «ቆይ ብቻ፣ ትልቁን ነው የምገዛው፤ ሌላውን አልሰማም» አልኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሁለቱንም ሰክተህ አሳየኝ። የማላየውን ዕቃ አልገዛም።»

እሺ አለ። የእኔው ጌም አለው፤ መሪና ፔዳልም አለው። መጀመሪያ ትልቁን ሰካ። ተቀመጥኩ፣ ወንበሩን አስጠጋሁ፣ አውቶቡሴን መርጬ ከዴፖ ወጣሁ። እውነት ለመናገር ያምራል። መንገዱ እንደ ቅቤ ነው፤ የዛፉ ቅጠል ሳይቀር ይቆጠራል። በሴኮንድ ስንት ምስል እንደሚሠራ በስክሪኑ ጥግ ላይ የሚጻፈው ቁጥር መቶ አርባን አልፏል። ሻጩ ከኋላዬ «አዩት እማማ?» ይላል። አየሁት። እልሄም አየው። ሃሳቤን ጨርሼ ነበር።

ከፌርማታ ልወጣ ፍሬቻ አበራሁና እንደ ልማዴ ወደ ቀኝ ጥግ አየሁ። ስፖኪዮ የለም። ግራውም ቀኙም የለም። አውቶቡሱን እዚያው አቆምኩት።

«ስፖኪዮው የት ሄደ?»

«አጥፍቼው ነው» አለ ሻጩ። «ማሽኑን ያከብዳል። መንገዱን ከፊትም ከኋላም እንደገና መሳል ይሆንበታል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ይወርዳል።»

«ቁጥሩ እንዳይወርድ ሰው ልግጭልህ?»

«እማዬ፣ ጌም እኮ ነው» አለ ኦዲተሩ።

«እኔ ያለ ስፖኪዮ አልነዳም። በእውነትም በጌምም አልነዳም። መልሰው።»

ሻጩ መለሰው፤ ሁለቱንም በቀኝ ጥግ እንዲያደርግልኝ ነገርኩት። ለምን ብሎ ጠየቀ፤ ስለ ዓይኔ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ለልጄ መናገሩን ትቶ ለእኔ ማስረዳት ጀመረ። ከትልቁ ጋር ቁጥሩ ወደ ዘጠና ወረደ። ቀጥሎ ካርዱን ነቅሎ ትንሹን ሰካና ያንኑ መንገድ ነዳሁ። ሰባ አካባቢ ሆነ፤ አንዳንዴ ከዚያም ዝቅ ይላል።

«ቤት ያለው ስክሪንዎ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ ሻጩ።

«የልጄ መሥሪያ ቤት አሮጌ ብሎ ያስወገደው ነው። እሱ ነው ያመጣልኝ።»

ስለ ስክሪኑ አንድ ሁለት ነገር ጠየቀኝ፣ ከዚያ አንገቱን አከከ። «እንግዲህ እማማ፣ ነጋዴ ነኝ፣ ግን አልዋሽዎትም። ያ ስክሪን በሴኮንድ ከስልሳ ምስል በላይ አያሳይም። ትልቁ ዘጠና ቢሠራም ትርፉን ቤትዎ አያዩትም። ለእርስዎ መንገድና ለእርስዎ ስክሪን ትንሹ ነው የሚያዋጣው።»

ያን ጊዜ ልጄን ማየት አላስፈለገኝም። «አላልኩሽም?» የሚለው ፊቱ በጀርባዬ በኩል ይሰማኛል። እግዜር ያሳያችሁ፤ ትንሹን ብገዛ የልጄ ሒሳብ ልክ ሆነ ማለት ነው። ትንሹ ይበቃታል፣ ለሰባት ዓመት ምን ያደርግላታል። ትልቁን ብገዛ ደግሞ ስክሪኔ ለማያሳየኝ ነገር እጥፍ ልከፍል ነው፤ ያውም ለእልህ።

«አንዴ ልድገም» አልኩ። «ዝናብ አድርግልኝ። ጨለማም አድርግልኝ።»

አደረገልኝ። ትንሹ ካርድ እንደተሰካ ነው። መጥረጊያው ይሄዳል ይመጣል፣ የፊት መብራቱ እርጥቡ አስፋልት ላይ ይወርዳል። ዴፖው ድረስ ነዳሁና ኋላ ማርሽ አስገባሁ። ያንን ረጅም አውቶቡስ በሁለት አውቶቡሶች መሀል ወደ ኋላ ማስገባት ነው፤ ግራው በኩል አንድ ክንድ እንኳ ትርፍ የለም። ስክሪኑ አንዴ ቢንቀጠቀጥ፣ ስፖኪዮው ትንሽ ቢዘገይ፣ እገጫለሁ። ዓይኔን ከግራ ስፖኪዮዬ ሳልነቅል ቀስ ብዬ ገባሁ። አልተንቀጠቀጠም። አልዘገየም። ቆምኩና የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ።

እጄን ከመሪው ሳላነሳ ትንሽ ተቀመጥኩ። ሥራ ላይ ሳለሁ ስንት ታክሲ ነጂ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ሴትዮ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ» ብሎኛል። ነዳጅ ረግጬ ልከተለውና ላሳየው ያማረኝ ቀን ብዙ ነው። ግን ከኋላዬ ሰው ጭኛለሁ። አንድም ቀን ለስድብ ብዬ ፍጥነት ጨምሬ አላውቅም፤ ሹፌርነቴ እሱ ነው። ታዲያ ዛሬ ለገዛ ልጄ ብዬ ልጨምር?

«ትንሹን ስጠኝ» አልኩት ሻጩን።

«አላልኩሽም?» አለ ኦዲተሩ፤ መቼም አያስችለው።

ወንበሩን አዙሬ በደህናው ዓይኔ ፊት ለፊት አየሁት። «አላልክም። አንተ ያልከው ሌላ ነው።» ከዚያ ወደ ሻጩ ዞርኩ። «ትንሹ ስንት ዓመት ነው ያልከኝ?»

«ሦስት፣ ቢበዛ አራት።»

«መልካም። ሲደክም እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያን ጊዜ የመጡትን ሁለት ካርዶች ታሳየኛለህ፤ ከነስፖኪዮአቸው። ልጄ ለሰባት ዓመት ምን ያደርግላታል ብሎሃል። ሰባቱን ዓመት እነዳለሁ። በሁለት ካርድ እነዳዋለሁ። ሁለተኛውም ሲያረጅ እንተያያለን።»

ሻጩ «እሺ እማማ» አለ፤ ካርዱንም በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ እየነዳ፣ እኔ በቀኙ ተቀምጬ ነው። መሪ ላይ ሲሆን በግራዬ ስለሚውል ፊቱ አይታየኝም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣው። ብዙ መንገድ ከነዳ በኋላ «እማዬ፣ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም» አለ።

«ማለትህ ነበር።»

መብራት ላይ ቆምን። ትንፋሹን ሰማሁት። «አዎ» አለ በመጨረሻ። «ወድቀሽ ሆስፒታል ከተኛሽ ጊዜ ጀምሮ በጭንቅላቴ እቆጥራለሁ። ለምን እንደምቆጥር አላውቅም።»

«ተው አትቁጠር። እኔ ራሴ አልቆጥርም» አልኩት። ለካ ልጄ ሶፋ ሶፋ የሚለኝ እንዳልወድቅበት ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ ገባኝ፤ መብቱም ነው። ለእሱ ፍርሃት ብዬ ግን ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሞቴን አልጠብቅም፣ ይህንንም ነገርኩት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ከኋላችን ያለው መኪና ክላክሱን ነፋ።

ቤት ስንደርስ ካርዱን እሱ ነው የሰካው። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ፣ የስልኩን መብራት በጥርሱ ይዞ፣ በአቧራው እያነጠሰ። ኮምፒውተሩን ሳበራው ስክሪኑ ቦግ አለ፤ ዴፖው፣ አውቶቡሴ፣ ሁለቱ ስፖኪዮዎቼም በቀኝ ጥግ። ጡሩምባ አርብ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ ገና ከመግባቴ ያቺን የማትረባ ክላክሱን ነፋብኝ። በሕይወቴ የክላክስ ድምፅ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልጄ ከጠረጴዛው ሥር እየወጣ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ጉልበቱን ይዞ ቆመ። ወንበሩን ተደግፎ ትንሽ አለከለከ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማዬ፣ ትልቁን እኔ ልግዛልሽ? ከአዲስ ስክሪን ጋር። ሰኞ ሄጄ ላምጣው» አለኝ።

ካሳ መሆኑ ነው። ቀበቶዬን የማስር ይመስል ወንበሬ ላይ ተስተካከልኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። አየሁት። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ፎቅ መውጣት አቅቶት የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ የሚያነብ ልጅ።

«አሁን አልፈልግም» አልኩት። «ይኼኛው ሲደክም ግን የምትከፍለው አንተ ነህ። ደረጃውንም አብረን ነው የምንወጣው። ስለዚህ ከነገ ጀምረህ በእግርህ ተራመድ፤ እኔ ለሚቀጥለው ካርድ እደርሳለሁ፣ የሚያሳስበኝ አንተ ነህ።»

ፍሬቻ አብርቼ፣ በግራዬ የሚመጣ አለመኖሩን በስፖኪዮ አይቼ፣ ከዴፖው ወጣሁ።