ለአማቴ የሸጥኩት ኮምፒውተር

ሰው ኮምፒውተሩን ለፈለገው ይሽጥ፤ ለአማቱ ግን አይሽጥ። ይህን ምክር በነፃ የምሰጠው እኔ ከፍዬ ስለተማርኩት ነው።

ሥራዬ የቤት ፕላን መሥራት ነው። ላፕቶፔ ስድስት ዓመት አገልግሎኛል። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከከፈትኩበት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ጣራው ላይ ስደርስ ደግሞ ቀጥ ይላል። ቢሆንም ይሠራ ነበር። ችግሩ እሱ ሳይሆን እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ብቻዬን አልነበርኩም፤ ጠንቋዩ ነበረ።

ጠንቋዩ የምንለው ጓደኛዬ ስልክና ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ገና ያልተሠራ ዕቃ ምን እንደሚመስል ግን ያውቃል። ፋብሪካው ውስጥ አጎት ያለው ይመስል የሚቀጥለው ፕሮሰሰር ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ፣ ክዳኑ ምን ቀለም እንደሚቀባ ይነግረኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ “አዲስ ልግዛ” ባልኩ ቁጥር “አብደሃል? አዲሱ ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶት?” ይለኛል። እኔም እተወዋለሁ። አዲሱ ይወጣል። ከመውጣቱ ደግሞ የሚቀጥለው ሊወጣ ሁለት ወር ይቀረዋል። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ባለቤቴ “ላም አለኝ በሰማይ” ትለኛለች፤ ወተቷን የሚለውን እንኳ አትጨርስልኝም።

ዘንድሮ ግን ወሬው ሌላ ነበር።

“ይሄኛው ማራገቢያ የሚባል ነገር የለውም” አለኝ ጠንቋዩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አሥር ፎቅ ብትከፍትበት ድምፁን አትሰማም። ስማኝ፣ ያንተን አሁኑኑ ሽጠው። አዲሱ በታወጀ ማግስት አሮጌውን በነፃ ብትሰጥ የሚቀበልህ የለም።”

ልክ ነው። ነገሩን የምናውቅ ሰዎች ሁሉ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ከመታወጁ ሦስት ሳምንት በፊት እንሸጣለን፣ በታወጀ ማግስት እንገዛለን። ሦስት ሳምንት ያለ ኮምፒውተር ብቀመጥ ማን ይሞታል ብዬ ገዢ ማፈላለግ ጀመርኩ። አማቴ ሰሙ።

አማቴ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አዋልደዋል፤ የሰፈሩ ሰው ግማሹ በእሳቸው እጅ ነው ወደዚህ ዓለም የወጣው። የሠሩበት የጤና ጣቢያ የድሮ መዝገብ ጣራው አፍስሶበት በስብሷል። የቀረው አማቴ ለራሳቸው የያዙት ሃያ ሦስት ደብተር ነው። ስለዚህ የተወለደበትን ቀን በማስረጃ የሚፈልግ ሁሉ የእሳቸውን በር ያንኳኳል። ችግሩ የእጅ ጽሕፈታቸው ነው። በአንድ እጅ ልጅ ይዘው በሌላው የጻፉት ስለሆነ ከራሳቸው በቀር ማንበብ የሚችል የለም። ዓይናቸው ደግሞ እየደከመ ነው። ግላኮማ ነው፤ ሐኪሙ “የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየው” ብሏቸዋል። ስለዚህ ዓይናቸው ሳይቀድማቸው ደብተሮቹን በኮምፒውተር ሊገለብጡ ወሰኑ። ለትምህርት ቤት የሚፈልጉት ሕፃናቱ ስለሆኑ ከመጨረሻው ደብተር ጀምረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ።

“እማማ፣ ትንሽ ቢታገሡ እኮ በጣም የተሻለ ሊወጣ ነው” አልኳቸው። ሐቀኛ ሰው ነኝ።

“ይሄኛው ፊደሉን ትልቅ ያደርጋል?”

“ያደርጋል።”

“ታዲያ ምን ቀረው? አምጣው።”

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ኩባንያው በሦስት መስመር ይቅርታ ጠየቀ። በጥራት ጉዳይ ስለማይደራደር ቀኑን በስምንት ሳምንት ገፍቶታል። ስምንት ሳምንት! ወደ ጠንቋዩ ሮጥኩ።

“ይሄማ ጥሩ ምልክት ነው” አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።”

በዚያው ሳምንት ቤት የሚያሠሩ አንድ ፋርማሲስት ደንበኛዬ ደወሉ። ደረጃው ከሳሎን ወጥቶ ከኋላ እንዲሆን ሚስታቸው ወስናለች፤ ግንበኞቹም ቆመው እየጠበቁ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔ የጨነቀኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ፍላሼን በኪሴ ይዤ አማቴ በር ላይ ቆምኩ።

“ግባ” አሉኝ፣ ልመናዬን ሳልጨርስ። “መጀመሪያ ታጠብ።”

ታጥቤ መጣሁ። እጄን ገለባብጠው አዩና መልሰው ላኩኝ። “እስከ ክርን ነው። ጥፍርህ ሥርም ጭምር።”

በገዛ ላፕቶፔ፣ ማለቴ በቀድሞ ላፕቶፔ ላይ ለመሥራት እስከ ክርኔ በሳሙና ታጠብኩ። እሱን በነጭ ፎጣ ጠቅልለው መስኮቱ ሥር አስተኝተውታል። ሲገልጡት አላወቅኩትም። ኪቦርዱን በአልኮልና በጥጥ ጠርገውታል። ለሁለት ዓመት ተጣብቆብኝ የነበረው ቁልፍ ይሠራል። የሚያስደነግጠው ማራገቢያው ነበር፤ ድምፁ የለም።

“እማማ፣ ምን አደረጉት?”

“አፍንጫው ተደፍኖ ነበር። አቧራውን በዚህ አወጣሁለት” ብለው የአራስ ልጅ አፍንጫ የሚጠረግበትን የጎማ መሳቢያ አሳዩኝ። “ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲተነፍስ ዝም ብለህ ታየው ነበር?”

ከእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። የፋርማሲስቱን ደረጃ በአንድ ሰዓት ከሳሎን አወጣሁት። ጣራው ላይ ስደርስም ቀጥ አላለም። ስወጣ አማቴ “ጧት ጧቱን አንተ ሥራበት፣ እኔ ከሰዓት ይበቃኛል” አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ስምንት ሳምንት ሙሉ በየጧቱ ሄድኩ፤ በየጧቱ እስከ ክርኔ ታጠብኩ። እሳቸው የገባሁበትን ሰዓት ግድግዳው ላይ በሰቀሉት ወረቀት ይጽፋሉ። የለመደ እጅ መቼ ዝም ይላል?

የማስታወቂያው ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ጠንቋዩ ሱቅ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን በስልኩ አየን። የኩባንያው ሰውዬ መድረክ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ ላፕቶፑን በሁለት ጣቱ አነሣው። ሁለት ሚሊ ሜትር ሳስቷል። ጭብጨባ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፍነው አንድ ብቻ ቀርቷል፤ ፍላሽ መሰካት የፈለገ መሰኪያውን ለብቻው ይገዛል። ጭብጨባ። ቀለሙ “የንጋት ጭጋግ” ይባላል፤ እኔ ግራጫ ነው ያየሁት። ማራገቢያውስ? ማራገቢያው አለ፤ ግን ዝምተኛ ተደርጓል። ዝምተኛ ማራገቢያማ አማቴ ቤት በጎማ መሳቢያ ይሠራል።

ጠንቋዩ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠ። ለሰውየው ያፈረለት ይመስላል። ከዚያ ተነፈሰና “የመጀመሪያው ዙር መቼም እንከን አያጣውም። ሁለተኛውን ዙር ጠብቅ” አለኝ።

“መቼ ነው?”

“ሁለት ወር።”

እኔ ምን አልኩ? “እሺ” አልኩ። ከነሙሉ ጤንነቴ እሺ አልኩ።

ባለቤቴ አስተማሪ ናት። ቤት ስደርስ የፈተና ወረቀት እያረመች ነበር። ነገሩን ስነግራት ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠች። እስክሪብቶ ካስቀመጠች ነገር አለ።

“ስለዚህ ሁለት ወር ደግሞ ጧት ጧት እናቴ ጋ ልትሄድ ነው?”

“እሳቸው ከሰዓት ይበቃኛል ብለዋል እኮ።”

“የእናቴ ክፍል መስኮት በየት በኩል ነው?”

“በምሥራቅ” አልኩ። ፕላን ሠሪ ነኝ፤ ይህ አይጠፋኝም።

“ፀሐይ የሚገባላት ጧት ብቻ ነው ማለት ነው። ከሰዓት ደብተሩ ላይ የሚታያት ጭጋግ ነው። አንተ ዓይኗን ይዘህባት ነው ሁለት ወር የከረምከው።”

“ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?”

“አማችዋ ነሃ! አማች ፍላሽ ይዞ በር ላይ ሲቆም ምን ትበልህ? እኔም ትናንት ገና ነው የሰማሁት፣ ያውም አስጨንቄያት።”

በማግስቱ ስሄድ ታጠብኩና ፕላኔን አልከፈትኩም። የእሳቸውን ጽሑፍ ከፈትኩት። ስምንት ሳምንት አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም ነበር። ፊደሉ በጣም ትልቅ ስለሆነ በአንድ ስክሪን ሦስት ቃል ብቻ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደብተሮች ጥርት ብለው ተገልብጠዋል፤ የእናት ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ኪሎ። አራተኛው ላይ፣ ልክ እኔ መምጣት ስጀምር፣ ነገሩ ተበላሸ። አንዲት እናት ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ወንድ ልጅ ወልዳለች። ሳቅሁ። አንድ ሕፃን በሁለት የተለያየ ቀን ተወልዷል። አሁንም ፈገግ አልኩ። ከዚያ ስሟ ከመካከል የተቆረጠ እናት አየሁ፤ ከሥሯ ያለው መስመር ባዶ ነው፣ ከዚያ በታች ደግሞ አንድ ፊደል ብቻ እስከ ገጹ መጨረሻ ተደርድሯል። ጣታቸው አንድ ቁልፍ ላይ አርፎ ሳያዩት ቀርተዋል። አፈርኩ። ያቺን ያለችውን ብርሃን ለፋርማሲስቱ ደረጃ ስበላባቸው ነው የከረምኩት።

ተነሥቼ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ።

“ያለፈው ዓመት ሞዴል አለ?”

ሻጩ ደነገጠ። “አለ፣ ግን አዲሱ እኮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገባል። ትንሽ አይታገሡም?”

“ጠቅልልልኝ።”

“የዚህኛውም ዋጋ ያኔ ይወርዳል፤ ለእርስዎ አስቤ ነው እንጂ…”

“ወንድሜ፣ ሦስት ዓመት ታግሻለሁ! ጠቅልልልኝ!”

ሳላውቀው ጮኼ ኖሯል። ከጎኔ ስልክ ሲያገላብጥ የነበረ ሰው ስልኩን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠ። ካርቶኑን ታቅፌ በጠንቋዩ ሱቅ በር ሳልፍ ጠንቋዩ ወጣና የሞተብኝ ሰው እንዳለ ሁሉ እጄን ያዘኝ። “ምናለ ሁለት ወር ብትችል?” አለኝ። ከልቡ አዝኖ ነበር።

ኮምፒውተር ገዝቼ ግን ጧት ጧት አማቴ ቤት መሄዴን አልተውኩም። ዓይናቸውን ከደብተሩ ወደ ስክሪኑ ሲያመላልሱ መስመሩ ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ እሳቸው መስኮቱ ሥር በአጉሊ መነጽር ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የራሴን ሥራ ከሰዓት በራሴ ላፕቶፕ እሠራለሁ። አራተኛውን ደብተር እንደገና ጀመርን። ሠላሳ ኪሎው ልጅ ወደ ሦስት ኪሎ ወረደ። አንድ ደብተር በአምስት ቀን እንጨርሳለን፤ አማቴ በየመካከሉ ወሬ ባይጨምሩ በአራት ቀን እንጨርስ ነበር። “ይሄ ገና ሲወጣ ሐኪሙ ላይ ሸና። አሁን ትራፊክ ፖሊስ ነው” ይላሉ። ወይም “ይህቺ አላለቅስም ብላ ስንት ጊዜ መታኋት። አሁን ስብሰባ ላይ ማን ዝም ያሰኛታል?” አንድ ጧት ጠንቋዩ ደወለልኝ። ሁለተኛው ዙር መውጣቱ እንደሆነ ገብቶኛል። እጄን ታጥቤ ስለነበር ስልኩን አላነሣሁትም።

አሥራ ሰባተኛው ደብተር ላይ አንድ ጧት አማቴ ቆም አሉና የእናትየዋን ስም አነበቡ። የእናቴ ስም ነው። እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

“ጻፍ እንጂ” አሉኝና ቀጠሉ። “ወንድ። ሦስት ኪሎ ዘጠኝ መቶ። ቀኑን በአሥራ ስድስት ቀን አሳልፏል። ምጡ ሲመጣ ሲሄድ ሦስት ቀን ሆነው፤ እናት ተንገላታለች። ልጁ ደህና ነው። አይቸኩልም።”

“እማማ፣ ይሄ እኔ ነኝ?”

“ታዲያ ማን ሊሆን ነው?”

“ያውቁ ነበር?”

“ልጄን ላግባ ስትል መጀመሪያ ያየሁት ይህን ደብተር ነው። አይቸኩልም ይላል። መልካም ነው፣ ከችኩል ባል ይሻላታል አልኩ” ብለው ሣቁ። “ያኔ ኮምፒውተር ስትገዛ አላየሁህማ!”

እኔም ሣቅሁ፤ ሆዴን እስኪያመኝ ሣቅሁ። ስጨርስ ቀና ብዬ አየኋቸው። ፀሐዩ በመስኮቱ ሞልቶ ገብቷል። እንዲያም ሆኖ ደብተሩን በጣም አቅርበውት አፍንጫቸው ወረቀቱን ይነካል። ጧት ነው እኮ፤ ገና ሦስት ሰዓት አልሆነም። ያላነበቧቸው ስድስት ደብተሮች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ስክሪኑ አልታይህ አለኝ።

“አንዴ ይቆዩኝ፣ እማማ።”

“እኔ መቆየት አልችልም፣ ልጄ” አሉ፣ ገጹን በጣታቸው እየዳሰሱ። “ጻፍ። ሴት፤ ሁለት ኪሎ ስምንት መቶ…”

“ሴት” ብዬ ጻፍኩ።