የመምህር ገሪማ ቃለ አጋኖ

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ሲቲ ከመርሳ በጭነት መኪና ተሳፍራ ወልድያ የገባችው ለአንድ ወረቀት ብላ ነበር። ወረቀቱ ከመርሳ መጠለያ ወልድያ ለምትቀመጠው ፈረንጅ ነርስ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ሲቲ የመጠለያው መዝጋቢ ነበረች። እስከ አሥረኛ ክፍል ስለተማረች እንግሊዝኛ የምትሞክረው እሷ ብቻ ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት የላከችው ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ኩፍኝ ገብቶ ሕፃናቱን እየፈጀ ነው። ከታመሙትም አንዷ፣ ሟች እህቷ ትታላት የሄደችው የሦስት ዓመቷ ከድጃ ናት።

የቀድሞ አስተማሪዋን መምህር ገሪማን ደጃፋቸው ላይ ጫማቸውን ሲሰፉ አገኘቻቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር።

«አሥራ ሰባት» አሉ።

«ምኑ ነው፣ መምህር?»

«ቃለ አጋኖው። ሰላምታው ላይ አለ፤ ‹እርዱን› ያልሽበት ላይ ደግሞ ሦስት ተደርድሯል። ልጄ፣ ይኸ ደብዳቤ ነው ወይስ የአብዮት በዓል ሰልፍ?»

ሲቲ አፈረች። ያኔ ከቀበሌ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ፣ የጠፋ በሬ ማስታወቂያ ሳይቀር፣ መፈክር ተጽፎበት በዚያ ምልክት ይዘጋል። ያለዚያ የጻፈ ይጠየቃል። እንግሊዝኛውም እንደዚያው መስሏታል።

«ጉዳዩ ብርቱ ስለሆነብኝ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ፈረንጇ ግን እንዲህ የሚጮህ ወረቀት በየቀኑ ይደርሳታል። ሁሉም ከጮኸ የማን ቤት እንደሚቃጠል በምን ትለየው? በእንግሊዝኛ ይኸ ምልክት ሰው ሲደነግጥ፣ ‹ተጠንቀቅ› ብሎ ሲጣራ፣ ከወዳጁ ጋር ሲጫወት ነው የሚገባው። ያውም አንድ ብቻ። ለማታውቂው ሰው በምትጽፊው የሥራ ደብዳቤ ላይ ቦታ የለውም።»

ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አኖሩና ጠየቋት። «እህትሽ የሞተች ጊዜ ጮኸሽ አለቀስሽ?»

«የለም። እኛ ቤት ሙሾ የለም። ኢናሊላሂ እንላለን፣ ዱዓ እናደርጋለን።»

«ለቅሶ ልደርስሽ መጥቼ ዝም ብለሽ ሳይሽ ታዲያ፣ ሐዘንሽ ያነሰ መሰለኝ?»

ሲቲ ወረቀቱን ከጭናቸው አነሣችው።

«እንደዚያ አድርገሽ ጻፊው። ስንት ልጆች ታመዋል?»

«አርባ ሦስት።»

«እዚህ ላይ የታለ?»

የለም። አሥራ ሰባት ጊዜ ስትጮህ ቁጥሩን ረስታዋለች።

አብረው እንደገና ጻፉት። አራት ዓረፍተ ነገር ሆነ፦ አርባ ሦስት ልጆች በኩፍኝ ታመዋል። ትናንት አራት ሞቱ። ወተትም መድኃኒትም የለንም። እባክዎ ይምጡልን። ሥሩ ላይ መፈክር የለም።

ሲቲ ፈራች። «የቀበሌው ሊቀመንበር መፈክሩን ቢያጣውስ?»

«ለሱ በአማርኛ ገልብጠሽ ከነመፈክሩ ትሰጭዋለሽ። እዚህኛው ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ።»

ባለቤታቸው እትዬ የሺእመቤት ከውስጥ ሰሙ። «አንተ ሰውዬ፣ የትግሬ ስም ፈርመህበት ጣጣ ልታመጣብን ነው?»

«ሠላሳ ዓመት ወልድያ የኖረ ስም ነው። እነሱም አሳምረው ያውቁታል» ብለው ፈረሙ።

ሲቲ ደብዳቤውን በእጇ ለነርሷ አደረሰች። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ነርሷ የዱቄት ወተትና መድኃኒት ጭና መርሳ ገባች። ከመኪናው ስትወርድ ወረቀቱን እንደያዘች ነበር፤ ቁጥሩ ሥር በእርሳስ አስምራበታለች። ከአርባ ሦስቱ ሠላሳ አንዱ ተረፉ። ከድጃ ተረፈች።

ሊቀመንበሩ ግን ደብዳቤው ያለ መፈክር መሄዱን ሰምቶ ኖሮ፣ መምህር ሦስት ቀን ታስረው ወጡ። ሲቲ ለነርሷ የጻፈችውን የምስጋና ደብዳቤ ይዛ ልትጠይቃቸው ስትሄድ፣ ጢማቸው አድጎ ጫማቸውን ይሰፋሉ።

«ለዚህኛው እንኳ አንድ አይፈቅዱልኝም?» አለቻቸው።

«አስቀምጪው» ብለው ሳቁ። «የምር የሚያስፈልግሽ ቀን ይመጣል።»

ከዚያ ወዲያ ለገበያ መርሳ በወረዱ ቁጥር ከድጃን ሳያዩ አይመለሱም፤ በየኪሳቸው ሸንኮራ ቆርጠው ይይዙላታል። እሷም አባባ ትላቸዋለች።

በአራተኛው ዓመት መምህር ገሪማ አረፉ። ሲቲ ከድጃን ይዛ ወልድያ ለቀብር ሄደች። ግቢው በጩኸት ተናውጧል፤ ደረት ይመታል፣ ስም ይጠራል። እሷ ከእትዬ የሺእመቤት አጠገብ ሄዳ ዝም ብላ ተቀመጠች።

«ሲቲዬ፣ ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» አሏት እትዬ፣ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ» አለች።

እትዬ የሺእመቤት በእንባቸው መሐል ፈገግ አሉ። «እኔንማ ሠላሳ ዓመት አስተምሮኝም አልገባኝ» ብለው እጇን ያዙ። ሲቲ በልቧ፣ ለሳቸው ያላትን ምስጋና እንደዚያ ደብዳቤ በአራት ዓረፍተ ነገር ልታደርገው ሞከረች። አንዱን እንኳ ሳትጨርስ አስከሬኑ ከቤት ወጣ።

«አባባ!» አለች ከድጃ።

የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ የለቅሶውን ሁሉ ጩኸት ሰንጥቆት ወጣ። ሲቲ ዝም ልታሰኛት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው።