ኑና ቅመሱልኝ

የቧንቧ ሠራተኛው ሚስት ኬክ መጋገር የጀመረችው ለራሷ ደስታ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ትጋግርና ቆራርጣ ለጎረቤት ታድላለች፤ ሳህኖቿ ታጥበው ይመለሱላታል። ሰፈሩም ጣቱን እየላሰ "አንቺ ልጅ፣ ምነው ኬክ ቤት ብትከፍቺ!" ይላታል። አንድ ቀን እሷም የምር መስሏት የጸሐፊነት ሥራዋን እርግፍ አድርጋ ተወችው።

ባሏ ከመንገድ ዳር ያለውን ክፍል ከቧንቧና ከመፍቻ አጽድቶ ቀለም ቀባላት። ጥቂት ጠረጴዛዎች፣ የቡና ማሽንና አንድ ትልቅ ምድጃ ገቡ። ነገሩ ያልተዋጠላቸው አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ብቻ ነበሩ። እማማ የምራታቸውን ኬክ ስንት ዓመት ሲበሉ "ይበላል" ከማለት አልፈው አያውቁም። ቤት ለመጣ ሰው ኬክ መሸጥ ደግሞ ጭራሽ ነውር ሆነባቸው።

በመክፈቻው ዋዜማ ምራት ሆዬ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እንደለመደችው በር ለበር እየዞረች "ነገ ቤቴን እከፍታለሁ፣ ኑና ቅመሱልኝ፣ እንዳትቀሩ!" አለች።

መጡ፤ ያውም ለባብሰው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ መጋረጃ ሰፍታ መጣች፤ ጡረታ የወጡት መምህር የግድግዳ ሰዓት ታቅፈው ደረሱ። እንግዳ ሲያዩ ሳያስተናግዱ መቀመጥ የማይችሉት እማማ በየጠረጴዛው እየዞሩ "በሞቴ! ይቺን ብቻ!" እያሉ ቁራሽ ጨመሩ። ሁሉም በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ፣ ሄደ። ሂሳብ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። እስቲ ፍረዱ፤ መጋረጃ ተሸክሞ የመጣን ሰው ክፈል ይሉታል?

"ግድ የለም፣ የዛሬው ለምረቃ ነው" አለች ለባሏ።

በማግስቱ ግን የመጣ ሰው የለም። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ በኩል ስታልፍ እጇን አውለብልባ፣ ፈገግ ብላ ሄደች። መምህሩ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላምታ ሰጡና አለፉ። በቀጣዩም ቀን እንዲሁ። የብርቱካን ኬኩ መስታወት ውስጥ እንደተቀመጠ ዳር ዳሩ ደረቀ። ያን ጊዜ ሆዷ ባባ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያሞግሷት የነበረው ለይሉኝታ ነው! ሥራዬን ለዚህ ብዬ ነው የተውኩት ብላ፣ ዱቄት በነካው እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ቀና ስትል መምህሩ እንደገና በመስኮቱ ሲያልፉ አየች። አላስቻላትም፤ ብቅ አለች።

"ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ኬኬ አልጣፈጠዎትም ነበር?"

"ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ጣዕሙ ከአፌ አልጠፋ ብሎኝ አይደል በዚህ በኩል የምመላለሰው!"

"ታዲያ ለምን አይገቡም?"

መምህሩ ደነገጡ። "ሳልጠራ? የዚያን ቀን ግብዣ በልቼ፣ ዛሬ ደግሞ ባዶ እጄን ልምጣ? ሆዳም ልባል?"

ሲገባት ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ለካ ደንበኛ ሳይሆን እንግዳ ነው የጠራችው። ግን አሁን ጎረቤቷን "ይግቡ፣ ይክፈሉ" በምን አፏ ትበል? ቆማ ስታመነታ ከጀርባዋ ወንበር ተጎተተ።

እማማ ነበሩ። የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው መስኮቱ ሥር ቁጭ አሉ።

"አንድ የብርቱካን ኬክ፣ አንድ ማኪያቶ። ቶሎ በይ!"

ጠዋት ከጋገረችው ትኩሱን ቆርሳ አቀረበችላቸው። ፍርፋሪ ሳያስቀሩ በሉና እጃቸውን አጨብጭበው መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ጮኹ፤

"ሂሳብ!"

"ኧረ እማማ! ከእርስዎማ አልቀበልም።"

"ከእኔ ካልተቀበልሽ ከማን ልትቀበዪ ነው? 'በሞቴ' እያልኩ ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ፤ እኔው ላቅናው።" ገንዘቡን መዳፏ ውስጥ አስቀምጠው ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉላት።

በሩ ላይ የቆሙት መምህር ፊታቸው በራ። "ውይ፣ ለካ ይከፈላል! ታዲያ እንዲህ አትሉንም?" ብለው ዘለቁ። ልብስ ሰፊዋም ከመንገዱ ማዶ ቦርሳዋን እየበረበረች መጣች።

"ለእኔም እንደ እማማ" አሉ መምህሩ።

"ተራዎን ይጠብቁ!" አሉ እማማ። ከዚያ ባዶ ሳህናቸውን ወደ ምራታቸው ገፋ አደረጉና፣ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ብለውት የማያውቁትን ተናገሩ።

"ድገሚኝ።"