ሒሳብ አስተማሪውን ሙዚየም ምን ያመላልሰዋል?

እኔ ሰው መጠርጠር አልወድም። ወላሂ አልወድም! ግን አንዳንድ ሰው ጠርጥሩኝ ብሎ ይመጣል፤ ምን ላድርግ?

ቲቸር ሙኽታር ከጨፋ ሮቢት ተማሪዎች ጭኖ መጀመሪያ ሲመጣ ምንም አላልኩም። እንዲያውም ደስ ነው ያለኝ፤ ተማሪ ካልመጣ እኔ ሥራ የለኝማ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ፈተናው ጉድ ሠርቶኝ፣ እቤት ቁጭ ብዬ እናቴን ሳደርቃት ነው ወንድሟ አያ ሲራጅ «ነይ በቃ፣ ይሄ አፍሽ ካላረፈ ተማሪ አስጎብኚበት» ብሎ የወሰደኝ። አያ ሲራጅ የሀጅ ሙሀመድኑር ቤት ጠባቂ ነው። የቤቱን ቁልፍ በክር አርጎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ሚስቱ ሲተኛም አያወልቀውም ትላለች።

ሀጅ ሙሀመድኑር ማለት በድሮ ጊዜ ሰንበቴ ገበያ ላይ ከአፋሮች ጨው እየገዛ፣ ለደገኛው ጨርቅ እየሸጠ፣ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ያንን ባለፎቅ የድንጋይ ቤት የሠራ ሰውዬ ነው። ቤቱ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ምድር ቤት የግመል ኮርቻ፣ የጨው መመዘኛ፣ ምናምን አለ። ፎቁ ላይ ሰውየው ሰፈርተኛውን ሰብስቦ ዱዓ ያስደርግበት የነበረው ሰፊ ክፍል አለ፤ ክፍሉ መሐል ደግሞ ድቤው። መንዙማ ሲባል የሚመታው ትልቁ ከበሮ ማለቴ ነው። ተማሪ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እሱ ጋ ነው።

ለምን ዓይኔን እንደምከፍት ልንገራችሁ። አምና፣ እኔ ሳልቀጠር፣ የሀጁ የድሮ መቁጠሪያ ተማሪ ሲጎበኝ ውሎ እልም አለ። ኃላፊያችን ሙኒር በሞተሩ እየበረረ መጥቶ አያ ሲራጅን ግቢ መሐል አቆመውና፣ «ከዚህ ቤት ሌላ አንዲት ነገር ከወጣች ቁልፉን ትሰጠኛለህ። ከዚያ ወዲያ ከኔ ጋር ሳይሆን ከፖሊስ ጋር ነው የምትነጋገረው» አለው። አያ ሲራጅ ልጆቹ ገና ትንንሾች ናቸው። እግሩ ያነክሳል፣ እርሻ አይሆንለትም። ያ ቁልፍ ከአንገቱ ከወረደ ምን ይበላሉ?

እንግዲህ ቲቸር ሙኽታር። መጀመሪያ የመጣ ቀን እኔ ስለ ጨው ንግድ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ሳስረዳ እሱ ድቤው ጋ ተገትሮ ቀረ። ማንም የማያየው መስሎት በጣቱ ቆዳውን ኳ ኳ አደረገው፤ ከዛ ጆሮውን አስጠጋ። ሐብሐብ ሊገዛ ነው እንዴ? እነሱ ከሄዱ በኋላ ላጸዳ ፎቅ ስወጣ ድቤው ቦታው ላይ የለም።

«አያ! ድቤው የት ሄደ?»

«ጓዳ ነው። ቆዳው ደርቋል፣ ቅቤ እየጠጣ ነው። እንዳትከፍቺበት» አለኝ።

እሺ አልኩ። አያ ሲራጅን ማን ይጠረጥራል?

በሳምንቱ ቲቸር ሙኽታር እንደገና መጣ። እነሱ ሲሄዱ ድቤው ቦታው ተመልሷል። ቀርቤ አየሁት። ማሰሪያው ላይ ሣር ተሰክቷል፤ ጎኑ ጭቃ ነክቶታል። ቅቤ የጠጣ ከበሮ ሣር ከየት ያመጣል? ቅቤ ቅቤም አይሸትም። ያኔ ነው የጠረጠርኩት። ሰውየው መጀመሪያ ቀን መጥቶ ለክቷል፣ አስመስሎ አሠርቷል፣ አሁን ቀይሮታል አልኩ። ግን ደግሞ በዛ ሁሉ ተማሪ ፊት እንዴት አርጎ ይቀይረዋል? እንጃ። ለአያ ሲራጅ ብነግረው «አንቺ ልጅ ፊልም አታብዢ» ብሎኝ ሄደ።

ሦስተኛ ሲመጣ ግን በቃ አልኩ። ቅጥቅጡ አውቶብስ በር ላይ ሲቆም ቀድሜ ወጣሁና ከወረዱት አንዷን ቀጭን ልጅ ጠጋ ብዬ፣ «ቲቸራችሁ ታሪክ ነው አይደል የሚያስተምረው?» አልኳት።

«ኧረ ሒሳብ ነው።»

ሒሳብ! ሒሳብ አስተማሪን ሙዚየም ምን ያመላልሰዋል? የግመል ኮርቻ በስንት ይካፈላል?

ይባስ ብሎ ማብራራት ስጀምር ያቺው ቀጭን ልጅ፣ ሩመይሳ ነው ስሟ፣ ቃሌን ከአፌ ትነጥቀኝ ጀመር። «ሀጅ ሙሀመድኑር ይህን ቤት ሲሠሩ ድንጋዩን…» ስል «…በግመል ነው ያስመጡት» ትላለች። ልጆቹ ይስቃሉ።

«አንቺ፣ ከዚህ በፊት መጥተሻል እንዴ?»

«ኧረ አልመጣሁም!»

«ታዲያ በግመል መምጣቱን ማን ነገረሽ?»

«ገመትኩ።»

ገመተች! ፊቷን ሳየው ባለፈው ሳምንት በሰማያዊ ሻሽ የመጣችዋ ናት፤ ዛሬ ሻሹን በጥቁር ቀይራ ነው። ዞር ብዬ ሌሎቹን ባይ ግማሾቹ የማውቃቸው ፊቶች ናቸው። ስንት ትምህርት ቤት ነው አንድን ሙዚየም ሦስቴ የሚያስጎበኝ?

ያን ቀን ደግሞ ሙኒር መጥቷል። ግቢው ጥግ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ስልክ ያወራል። አላህ ነው ያመጣው አልኩ፤ ሌባው ኃላፊው ፊት ሊያዝ ነው፣ አያ ሲራጅም ከነቁልፉ ሊከበር ነው።

ልጆቹን ፎቅ አወጣኋቸው። ቲቸር ሙኽታር የለም። ድቤውም የለም! ማብራሪያውን ጥዬ በጓሮ ደረጃ ወረድኩ። ሁለት ጎረምሳ ተማሪዎች የእህል ጆንያ ተሸክመው ወደ አውቶብሱ ሲሮጡ፣ ቲቸር ሙኽታር ከኋላ «ቀስ! ቀስ! ቆዳው!» ሲል ደረስኩ።

«ሌባ!» አልኩ። እንዴት አርጌ እንደጮህኩ! የጎረቤት ውሻ ሁሉ አለቀሰ። ጆንያውን ይዤ ጎተትኩት፤ ድቤው እግሬ ሥር ተንከባለለ።

አያ ሲራጅ እያነከሰ ደረሰ። እኔ እንግዲህ «ጎበዝ የእህቴ ልጅ» ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ያየኝ ልክ ቤቱን እንዳቃጠልኩበት ነው።

«ጨሊሲ፣ ማሎ! ጨሊሲ!» አለኝ። አያ ሲራጅ ሲጨንቀው ኦሮምኛው ይቀድማል። ዝም በይ፣ በናትሽ ማለቱ ነው።

«እንዴ አያ፣ ድቤው እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

ምድር ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ቲቸር ሙኽታር ቶሎ ቶሎ አስረዳኝ። «ሀጁ ሲሞቱ የተናዘዙት ቃል አለ፣ ጨፋ ላይ ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል። ዱዓ ያሰበ ሰው ድቤውን ይውሰድ፣ ሲጨርስ ይመልስ ብለው ነው ያለፉት። አማና ነው፣ የሀጁ አደራ። ይኸው ሚያዝያ ገብቶ የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ ማሽላው አልተዘራም። ዛሬ ከአሱር ሶላት በኋላ የዝናብ ዱዓ አለ፤ መንዙማውን የሚያወጣው አባቴ ነው፣ ድቤውን የምመታው እኔ።»

«ፈቃድ አትጠይቁም?»

«አምና ሙኒርን ጠየቅን። እስካሁን መልስ እየጠበቅን ነው።»

«ተማሪዎቹስ ለምንድነው?»

«ባዶ መኪና ይዤ ብመጣ አትጠረጥሪም ነበር?»

እውነቱን ነው፣ እጠረጥር ነበር። ግን አላስቻለኝም፣ «ባለፈው ወስዳችሁት ዘነበ?» አልኩት።

«በሰንበቴ በኩል ዘነበ።»

«እናንተስ ጋ?»

«ደመና» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ያኔ ነው ሙኒር ስልኩን ኪሱ እየከተተ ጥግ ዞሮ የመጣው። «ማነው ሌባ ያለው?»

አያ ሲራጅን አየሁት፤ እጁ ሳያውቀው አንገቱ ላይ፣ ቁልፉ ላይ ሄዷል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ልምምድ ነው።»

«የምን ልምምድ?»

«ሌባ ቢመጣ እንዴት እንደምንጮህ… ተማሪዎቹ ቅርስ መጠበቅ እንዲለምዱ። አምና መቁጠሪያ ጠፍቶ የለ?»

«ድቤውስ? ምን ሊሠራ ወጣ?»

እኔ ስንተባተብ ሩመይሳ ከፎቅ መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «ድምፁን አሰማችኋለሁ ብላን ነው!» አለች። ውሸት እንዴት ይቀላታል! እኔ እንኳ አመንኳት።

ሙኒር ድቤውን አየ፣ ጆንያውን አየ፣ አየኝ። ከዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እሺ፣ አሰሙኛ።»

ቲቸር ሙኽታር ተንበርክኮ መታው። እኔ ያ ነገር ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር እኮ፤ ለኔ ዕቃ ነው። ሆዴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ልጆቹ ተንጋግተው ወርደው ክብ ሠሩ፣ እያጨበጨቡ በነቢዩ ላይ ሰለዋት ማውረድ ያዙ። ሙኒርን ሰረቅ አርጌ ሳየው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠረ ይሁን አብሮ እያለ አላወቅኩም።

ሲያበቃ ሙኒር ቲቸር ሙኽታርን፣ «ጨፋ ዘነበ?» አለው። ይህን ብቻ።

«አልዘነበም።»

ሙኒር ተነሳና ለአያ ሲራጅ እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን።»

አያ ሲራጅ ክሩን በጭንቅላቱ አወለቀ። ጆሮው ላይ ያዘበት፤ ማንም አልሳቀም። ሙኒር ቁልፉን ተቀብሎ፣ መስኮቶቹን ዘጋግቶ፣ ትልቁን በር ቆለፈው። ድቤው ግቢ ውስጥ፣ ውጭ፣ እግራችን ሥር እንዳለ! ሞተሩ ላይ ወጥቶ ሄደ።

«ፈቀደልን» አለ ቲቸር ሙኽታር።

«ምን ፈቀደ? ወጥመድ ነው!» አልኩ። «ቤቱ ተቆልፏል፣ ድቤው ውጭ ነው፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያቆመን ምን እንላለን?»

አያ ሲራጅ «ሰው ለዱዓ ተቀጣጥሯል» ብሎ አውቶብሱ ላይ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ድቤውን ተቀብዬ በጉልበቶቼ መሐል አርጌ አቀፍኩት፤ ማንም ቢመጣ ከኔ ሳይነጥል አይወስደውም።

ወደ ጨፋ ሸለቆ መውረድ ስንጀምር አንድ ሞተር ከኋላችን ጡሩንባውን ያንባርቅ ጀመር። ዞር አልኩ። ሙኒር ነው። ቀደመንና አስቆመን። አለቀልን አልኩ።

በመስኮት በኩል ወደ አያ ሲራጅ መጣ። ቁልፉን አውጥቶ ሰጠው። «ቁልፉ እኔ ኪስ ሆኖ አንድ ዕቃ ውጭ ከተገኘ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለ። «ያዘው።»

«አያ አትቀበለው!» አልኩ በጆሮው። «ቢነቃ ተጠያቂው አንተ ልትሆን እኮ ነው! ጣጣውን ካንተ ላይ እያራገፈ ነው!»

አያ ሲራጅ ሰምቶኛል። ግን እጁን ዘርግቶ ተቀበለ፣ «ጀዛከላህ» አለ፣ ክሩን ቀስ ብሎ አንገቱ ውስጥ አስገባ። ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ።

ሙኒር ሞተሩን አስነሳ። ወደ ከሚሴ ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ፣ አልተመለሰም፤ ቁልቁል ወደ ጨፋ ነዳው፤ አቧራው ብቻ ቀረ።

«ዱዓ ሊገባ ነው» አለች ሩመይሳ።

«ወይም ቀድሞ ደርሶ ከነዕቃው ሊይዘን» አልኩ እኔ።

አያ ሲራጅ ቁልፉን በሸሚዙ ላይ እየዳበሰ መንገዱን አየ። «ሁለቱም ይሆናል» አለኝ። «አንቺ ድቤውን አጥብቀሽ ያዢ።»