የወልደ ሐዋርያት ሸክላ

“ቀስ በል ወንድሜ፤ እንቁላል ብይዝ እንኳ እንዲህ አልለምንህም” አለች አገርነሽ ባለባጃጁን። ባጃጁ ከዓባይ ማዶ ተነሥቶ ወደ ድልድዩ ሲታጠፍ አንድ ጉድጓድ ዘሎ ሦስቱንም ተሳፋሪዎች ከጣሪያው ጋር ሊያጋጫቸው ምንም አልቀረው። ጭኗ ላይ በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ የዘፈን ሸክላ ይዛለች፤ ያ የጥንቱ ዓይነት፣ ጥቁሩ፣ ከእጅ ካመለጠ እንደ ገንቦ የሚፈረካከሰው። በግራዋ ታላቅ ወንድሟ መሪጌታ ምናሴ አንገታቸውን በፎጣ ጠምጥመው ተቀምጠዋል። በቀኟ እሑድ የምትዳረው ልጇ ሊድያ ስልኳን ትነካካለች፤ ከሜካፕ ባለሙያዋ ጋር እየተጻጻፈች ነው። በቤታቸው ሠርግ ላይ ልቅሶ ስለማይቀር እንባ የማያነሣው ቀለም ይዛ እንድትመጣ እያሳሰበቻት ነበር።

መሪጌታ ድምፃቸው የለም። ለጥምቀት ሌሊቱን በማኅሌት፣ ቀኑን በወረብ አሳልፈው፣ ድምፃቸውን እዚያው ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ጥለውት ወደ ቤታቸው ዘንዘልማ ተመለሱ። ዝንጅብሉም ማሩም አልመለሰላቸውም። ይህ ባይሆን ኖሮ ሸክላውን ከቁም ሣጥን የሚያወጣው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነ አገርነሽ ቤት ልጅ ሲዳር፣ ሙሽራዋ ከደጅ ከመውጣቷ በፊት ከቤቱ ወንዶች ታላቁ ይነሣና የሸክላውን ዘፈን ያወጣል። ሸክላውን ያስሞላው አያታቸው ወልደ ሐዋርያት ነው። ማሲንቆውን ይዞ፣ ሚስቱን ወለተ ሩፋኤልን አስከትሎ፣ ከአንድ ባላባት ጋር አዲስ አበባ ወርዶ ሳለ፣ በዚያ በፊተኛው ዘመን የአገሩን ዘፈን እየቀረጸ ሸክላ የሚያስወጣ ፈረንጅ አገኘና ዘፈነለት። ሸክላው ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ ሲመጣ ግን ባልና ሚስቱ በአንድ የወረርሽኝ ክረምት ተከታትለው አልፈው ነበር። ልጃቸው አካሉ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነው። አካሉ፣ የእነ አገርነሽ አባት፣ በአጎት ቤት አድጎ፣ ሠርቶ፣ ጎንደር ላይ ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን አሮጌ ግራሞፎን ገዝቶ ሸክላውን ያስጮኸው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። ያን ዕለት እህል አልቀመሰም ይባላል። “የአባቴ ድምፅ፣ የአባቴ ድምፅ” እያለ ግራሞፎኑ ሥር እንደ ተደፋ አመሸ።

ዘፈኑ አዝጋሚ ነው። ድምፁ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ማሲንቆውም የሚያቃስት፦

ታንኳው ቢዘገይም ጣናን ሲሻገር፣
አይቀርም መድረሱ ከወደዱት አገር።
ልቤ ቀድሞኝ ሄዷል ማዶ ተሻግሮ፣
እግሬስ ምን ይሠራል ከዚህ ተገትሮ።

ወደ መጨረሻው ሲደርስ ደግሞ ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ፣ እየሰመጠ ሄዶ ይጠፋል። አካሉ ልክ እንደዚያው አድርጎ ይዘፍነው ነበር። ግራሞፎኑ ከነጭራሹ ከሞተ በኋላ መሪጌታ ምናሴ ከአባታቸው ተቀበሉት፤ የዜማ ሰው አይደሉም እንዴ፣ ጭራሽ አከበዱት። እሳቸው ሲያወጡት ሙሽራዋ ታለቅሳለች፣ ሚዜው ያለቅሳል፤ አንድ ጊዜማ ቪዲዮ ቀራጩ አልቅሶ ግማሹ ሠርግ ሰማይ ሰማዩን ተቀርጾ ተገኝቷል። ያላለቀሰ የወልደ ሐዋርያት ዘር አይደለም ይባላል።

አገርነሽ ግን ይህን ዘፈን ማልቀስ ሳይሆን መዝፈን ነበር የምትፈልገው። ያውም ከነፍሷ። ልጅ ሳለች በእህቷ ሠርግ ላይ አባቷ ሲያወጣው አላስችል ብሏት ከኋላው ተቀበለችና በቀጭኑ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። አካሉ ዘፈኑን አቋርጦ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ “የአባቴን ድምፅ አታበላሺብኝ፤ ይህ የወንድ ዜማ ነው” አላት። ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት ትንፍሽ ብላ አታውቅም። በምትሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ግን፣ ማሽኑ ሁሉ ባንድ ላይ ሲንጓጓ ሰው የራሱን ሳል እንኳ በማይሰማበት፣ የተበጠሰ ክር እየቀጠለች ዕድሜዋን ሙሉ ስትዘፍነው ኖራለች። የሰማት የለም።

አሁን የምትዳረው ደግሞ አንዲት ልጇ ናት፤ ከሊድያ በኋላ ከዚህ ቤት የሚወጣ ሙሽራ የለም። ስለዚህ የወንድሟ ድምፅ ሲዘጋ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ አላት። ዘንዘልማ ድረስ ሄዳ “ዘንድሮ እኔ ላውጣው” ብላ ለመነቻቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም። የአባታችንን ቃል አልሽርም፤ ይልቅ ሙሽራው ሸክላ የሚያጫውት ማሽን ካገኘ አያታችን ራሱ ይዝፈን አሉ። የሊድያ እጮኛ ብሩክም በማግሥቱ አገኘ። አማች ሲቀለጥፍ እንዲህ አንጀት ያሳርራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ብሩክ የአዳማ ልጅ ነው፤ እዚህ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ያስተምራል። ሹም አቦ ሰፈር የተከራያት ቤት ለሠርጉ አዲስ ሶፋ ገብቶባታል፣ ላስቲኩ ገና አልተላጠም። ተቀበላቸው፣ ሸክላውን ከአገርነሽ እጅ እንደ ሕፃን ወሰደ፣ በእርጥብ ጨርቅ ዙሪያውን አበሰው። የተዋሰው ማጫወቻ ከአንድ ቦርሳ አይበልጥም። አሁን ሰምተውት ሲያበቁ ወደ ፍላሽ እንደሚገለብጠውና እሑድ ለዲጄው እንደሚሰጠው አስረዳቸው። አገርነሽ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ታፍተለትላለች። በልቧ፣ እባክህ አምላኬ ይህ ሸክላ ተሰንጥቆ ይገኝ፣ እያለች ነበር።

አልተሰነጠቀም። መርፌው ሲያርፍበት መጀመሪያ ዘይት ላይ እንደ ተጣለ ሽንኩርት ተንጫጫ፤ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ አዝጋሚ፣ የሚያቃስት። መሪጌታ ቆባቸውን አውልቀው አማተቡ። ሊድያ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርስ አፍንጫዋን መጥረግ ጀመረች። አገርነሽም አለቀሰች፤ እሷ ያለቀሰችው ግን ለአያቷ አልነበረም። በቃ፣ አለቀ፣ አለች ለራሷ።

ከብሩክ በቀር ያላለቀሰ የለም። እሱ ግን ግንባሩን ቋጥሮ ወደ ማጫወቻው ጎንበስ አለ፣ ጆሮውን አቀረበ።

“ይቅርታ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት” አለ። “ፍጥነቱን ሳላስተካክል አስነሣሁት። ይሄ በእኛ ዘመን ያሉት ሸክላዎች ፍጥነት ነው፤ የጥንቶቹ በጣም ፈጥነው ነው የሚዞሩት።”

አንዲት ቁልፍ ተጫነ።

ከማሽኑ የወጣው ነገር ሦስቱንም ከተቀመጡበት አነሣቸው። የሴት ድምፅ ነው። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ እንደ ጠዋት ውሃ። ማሲንቆው አያቃስትም፣ ይጋልባል፤ ከበስተኋላ ደግሞ ጭብጨባ አለ። ቃሉ ያው ነው፣ ታንኳውም ያው ነው፣ ልቡም ቀድሞ ሄዷል፤ ነገር ግን ሴትዮዋ እየሣቀች የምትዘፍን ነው የሚመስለው፣ “እግሬስ ምን ይሠራል ከዚህ ተገትሮ” ስትል ሰው ተቀምጦ የሚሰማው አይደለም። አገርነሽ ትከሻዋ ሳታዝዘው ንቅንቅ ንቅንቅ አለ።

“ይህ የማን ነው?” አሉ መሪጌታ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው። “ሌላ ሸክላ ነው እንዴ ያደረግህበት?”

ብሩክ ሌላ ሸክላ እንደሌለው ተናገረ። ቁልፏን መልሶ ተጫነ፤ ወንዱ መጣ። እንደገና ተጫነ፤ ሴቲቱ መጣች። መሪጌታ እጃቸውን አጣምረው ማሽኑ ተበላሽቷል አሉ። ብሩክ በትሕትና፣ ለሽማግሌ እንደሚገባ ቃሉን እየመረጠ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ አለ፤ ያ ቤት የነበረው ግራሞፎን ሞተሩ እንዴት ነበር?

ወንድምና እህት ተያዩ። ሞተሩማ ምኑ ይወራል። ጣሊያኑ የሸጠው ሊሞት ሲል ነው። አካሉ ላብ እስኪያጠምቀው ያዞረዋል፣ እሱ ግን እየተንፏቀቀ ይጀምራል፣ እየተንፏቀቀ ይሄዳል፣ ከመጨረሻው ስንኝ ሳይደርስ እየሰመጠ፣ እየሰመጠ ይቆማል። መሪጌታ ይህን ሲተርኩ አፋቸው እየተሳሰረ ሄደ፤ የሚናገሩትን ራሳቸው እየሰሙት ነበር። በየሠርጉ ድምፃቸውን እያወረዱ፣ እያወረዱ የሚጨርሱት፣ ሰው አንጀቱ የሚላወስበት ያ ስልት፣ የደከመ ግራሞፎን ስልት ነበር።

“እስከ መጨረሻው ሰምተነው አናውቅም” አሉ በመጨረሻ።

“እንስማዋ ታዲያ” አለች ሊድያ።

ብሩክ በፈጣኑ ለቀቀው። ሴቲቱ ዘፈነች፣ ማሲንቆው ጋለበ፣ የመጨረሻው ስንኝ መጣ፤ አልሰመጠም፣ ጭራሽ ከፍ አለ። ማሲንቆው ቀጥ ሲል ገና ሸክላው አላለቀም ነበር። ከፈረንጁ መቅረጫ ፊት የቆመ አንድ ወጣት ወንድ፣ ሣቁ እያመለጠው፣ “እሰይ ወለተ ሩፋኤል፤ ጉሮሮሽ ይባረክ” ሲል ተሰማ። ሴቲቱም ሣቀች። ከዚያ መርፌው ብቻ እየተንጫጫ ቀረ።

ወልደ ሐዋርያት በሸክላው ላይ የተናገረው ይህን ብቻ ነበር።

ሊድያ “እማዬ” ብላ የእናቷን ክንድ ያዘች። መሪጌታ ሶፋው ላይ ቁጭ ሲሉ ላስቲኩ ሲጥ አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ይጠራል ብሎ ግን ማን ያስባል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም የሚሉትም ውሸት ነው። አካሉ መልኳን እንኳ የማያስታውሳትን ሴት ድምፅ አባቴ ነው ብሎ እየሰማ ዕድሜውን ሙሉ ሲናፍቅ ኖሯል።

“እናቱን ነበር” አሉ መሪጌታ፣ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ። “አባታችን ሲሰማ የኖረው እናቱን ነበር። ሳያውቃት ሞተ።”

“ሰምቷታልኮ ጋሼ” አለች አገርነሽ። “ቀስ ብላ ዘፈነችለት እንጂ ሰምቷታል።”

ይህን ስትል የራሷ ነገር ትዝ አላት። አባቷ በሰው ፊት ዝም ያሰኘው ድምፅ የእናቱን ድምፅ የሚመስል ድምፅ ነበር። ይህን አስባ ማዘን ነበረባት፤ ትንሽም አዘነች። ሣቁ ግን ቀደማት። ሣቀች፣ ሆዷን ይዛ ሣቀች፣ ሊድያም ተከተለቻት፣ እንባ የማያነሣው ቀለም ለምን ያስፈልገኛል እያለች። መሪጌታ መጀመሪያ ኮስተር ብለው አዩአቸው፤ ቀጥሎ የእሳቸውም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

“ስንቱን ሙሽራ አስለቀስሁ” አሉ። “በአንድ ጣሊያን አሮጌ ዕቃ ምክንያት፣ እኔ ምናሴ፣ ድጓ የተማርሁ ሰው፣ ያን ሁሉ ሰው በከንቱ አስለቀስሁ።”

ሣቁ ሲበርድ ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ እህታቸው ዞሩ። አሁን ፈቅጄልሻለሁ እንዳይሏት የሚፈቅዱት ነገር እንደሌላቸው ገብቷቸዋል። “የኔ አልነበረም” አሉ። “እሑድ አንቺ ታወጪዋለሽ።”

እዚህ ላይ ብሩክ፣ ደግነቱ ነው መቼም፣ አንድ ሐሳብ አመጣ። እንዲህ ከሆነ ቅድመ አያቷ ራሳቸው በዲጄው ትልቅ ስፒከር ቢዘፍኑ፣ እንግዳው ሁሉ ጉድ ይላል አለ። ሊድያም ዓይኗ በራ። መሪጌታም አመነቱ፤ የወለተ ሩፋኤል ድምፅ እያለ ከእሷ ማን ይበልጣል። ሦስቱም አገርነሽን ተመለከቱ። በሌላ ቀን ቢሆን፣ እንደ ወደዳችሁ፣ ብላ ዝም የምትል ሴት ናት። አሁንም አፏ ላይ የመጣው እሱ ነበር።

“ፍላሹን አስቀምጡት፤ ለልጆቻችሁ ታሰሟቸዋላችሁ” አለች። “እሷ ልጇን ለመዳር አልደረሰችም። እኔ ደርሻለሁ። ልጄን የምሸኛት እኔው ነኝ።”

ሊድያ ተነሥታ እናቷን አንገቷን አቀፈች። ብሩክ አንገቱን ደፍቶ ይሁን አለና፣ እንግዲያው ትክክለኛውን ፍጥነት እንዲለምዱት ደግሜ ላጫውትልዎ እትዬ አገርነሽ፣ ሲል መርፌውን አነሣ። መሪጌታ ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅዱ ከወጥ ቤቱ በር ሥር ያለውን ባዶ ጀሪካን ጎትተው በጉልበታቸው መካከል አደረጉት፤ በመዳፋቸው እንደ ከበሮ ቀስ ብለው ሞከሩት፣ ደህና ነው።

“አጥፋው ልጄ” አለች አገርነሽ። “እኔ ለምጄ ጨርሻለሁ።”

ብሩክ ሶኬቱን ነቀለ። አገርነሽ ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች፤ ሠርጉ እሑድ፣ ዛሬ ገና ሐሙስ መሆኑን ከቁም ነገር ሳትቆጥረው፣ በሩ ወለል ብሎ እንደ ተከፈተ ጀመረች።