የመነሻው ቤት ማሞቂያ

ጋሼ በላይነህ ማሞቂያውን ከንድፉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ውርጩ አጥንት ይገባል። የምንነድፈውም የእናቶች ማዋለጃ ነው።

«ትርሐስ፣ አረንጓዴ ሕንፃ ማለት ኃይል የማይበላ ሕንፃ ማለት ነው» አሉኝ።

አለቃዬ ናቸው። እኔ ሕንፃው የሚፈጀውን ኃይል በኮምፒውተር የማሰላ መሐንዲስ ነኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት ካላገኘን ረጂዎቹ ይሸሻሉ ብለው ስለሚፈሩ ነው የሚቸኩሉት። ሮጠው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንዲሉ፣ አንዴ የሰረዙትን ማስመለስ ደግሞ መከራ ነው።

ምስክር ወረቀቱን የሚሰጡት ሰዎች ከእውነተኛው ሕንፃ ጎን አንድ የሐሳብ ሕንፃ አቁሙ ይላሉ። ስፋቱ እኩል፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣው ተራ የሆነ፣ ማንም የማይወልድበት ቤት ነው። መነሻ ይባላል። የኛ ሕንፃ ከመነሻው ያነሰ ኃይል በበላ ቁጥር ነጥብ ያገኛል። የመነሻውን ማሞቂያ የምመርጠው እኔ ስለሆንሁ ጋሼ በላይነህ «ትልቁን ምረጪ» እያሉ ይጨቀጭቁኛል፤ መነሻው ሆዳም ሲሆን የኛ ቤት ጿሚ ይመስላላ።

ደንቡን ቁጭ ብዬ አነበብሁት። ፎቅ ለሌለው ትንሽ ሕንፃ የሚፈቅደው አነስተኛውን ማሞቂያ ነው። ከዚያ በታች ያለው ዓረፍተ ነገር ግን አናደደኝ። ሕንፃችሁ ማሞቂያ ባይኖረውም የመነሻው ዓይነት እንዳለው አድርጋችሁ አስሉ ይላል። እንግዲህ ማሞቂያውን መሰረዝ አንዲት ነጥብ እንኳ አላመጣልንም።

«ጋሼ፣ በስሌቱ ሁለቱም ቤቶች ይሞቃሉ» አልኋቸው። «የሚቀዘቅዘው የምንሠራው ብቻ ነው።»

«እኔ እዚሁ ብርድ አገር፣ ጋሳይ ነው የተወለድሁ። ማን ማሞቂያ አስገባልኝ?»

«እርስዎ ሲወለዱ እሳት ነበር። የአራስ ቤት እሳት መች ይጠፋል? የዚህ አገር መነሻ ባዶ ቤት አይደለም፤ እሳት ያለበት ቤት ነው።»

ኮታቸውን አነሱና መስኮት በቀን ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ሄደን እንይ አሉ። አየሩ በመስኮት ይታደሳል ብለን ነድፈናልና ይህንንም ስሌቱ ይጠይቃል። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድን።

ክፍት መስኮት የሚባል አልነበረም። ሁሉም በነጠላና በማዳበሪያ ከረጢት ተወትፏል። በስተ ጥግ ካለው አልጋ ላይ እቴነሽ የምትባል ከአንበሳሜ በኩል የመጣች ሴት፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ተኝታለች። አማቷ ከራስጌዋ ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ መስኮቱን መቼ መቼ ነው የሚከፍቱት?» አልኋቸው።

«ያራስ መስኮት ይከፈታል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «ከሰል እንኳ እናግባ ብንል ከለከሉን።»

ነርሷ የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል ነገረችን፤ እውነቷን ነው። እሳቱን ከለከልናቸው፣ በምትኩ ግን ምንም አልሰጠናቸውም። በጣም አፈርሁ።

ጋሼ በላይነህ እቴነሽን አስፈቅደው የሕፃኑን እግር በጣታቸው ነኩት። ቶሎ አላነሱትም። ኮታቸውን አወለቁና እናትና ልጁን ደርበው አለበሷቸው። ወጥተን መኪናው ውስጥ ስንገባ ቀና ብለው አላዩኝም።

«ማሞቂያውን መልሺው» አሉኝ። «መነሻውንም ደንቡ እንዳለው አድርጊው።»

መለስሁት። አነስተኛውን መነሻ መርጬ አሰላሁ፤ ነጥባችን ወርዶ ምስክር ወረቀት ለሚያሰጠው ዝቅተኛ ደረጃ ለጥቂት በቃ። ጋሼ በላይነህ ፈረሙበት። ረጂዎቹም አልሸሹም።

በሳምንቱ የክፍሉን ሙቀት ለመለካት ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስሁ። የጥጉ አልጋ ተነጥፏል። እቴነሽን ያገኘኋት ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ አግዳሚው ላይ ነው። ጡቷን በመቀነት ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። የአለቃዬ ኮት ተጣጥፎ ጭኗ ላይ ተቀምጧል።

ሕፃኑን የገደለው ብርዱ ብቻ ነው ማለት አልችልም። ትንሽ ነበር። ግን ሲበርደው እኔም አይቻለሁ።

«እግዜር ያጥናሽ» አልኋት። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ያ የምትሠሩት ቤት ይሞቃል አሉ። እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው።»

«መቼ ያልቃል?»

«ለከርሞ።»

ኮቱን አቀበለችኝ።

«ይሁን» አለች። «ለሌላዋ ይድረስ።»