የጠርሙሱ ክዳን

በእኛ የቤዝቦል ክለብ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ተጫዋች ለሌላ ክለብ ሊሰጥ ሲታሰብ፣ ስብሰባ ላይ ቆሞ ድክመቱን የሚናገረው መጀመሪያ ያገኘው መልማይ ነው። ሕጉን ያወጣችው አለቃችን ማርሊን ናት። "ሌላው አይቶ ይፈርዳል፤ አንተ ግን ፍቅር ይይዝሃል" ትለኛለች። አልዋሸችም።

የዝውውር ጊዜው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠራችኝ። ተቀናቃኛችን የሆነው ክለብ ሊንድክቪስት የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ግራኝ ኳስ ወርዋሪ ሊሰጠን ፈልጓል። በምትኩ የጠየቀን ሦስት ታዳጊዎች ነው፤ አንዱ የእኔው ዩሴቢዮ ነው።

ዩሴቢዮ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበል ልጅ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ጭቃ በጭቃ በሆነ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ። እናቱ ቤት ሩዝና ባቄላ ስንቴ በልቻለሁ። እወደዋለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

"ሂድና ወርዋሪውን እየው" አለችኝ ማርሊን። "ክንዱ ጤነኛ ከሆነ እንለዋወጣለን። ከታመመ ግን ሦስት ልጅ ሰጥተን ፋሻ መግዛታችን ነው።"

ሄድኩ። ልጁ ጉድ ነው፤ መቺዎቹን አፍዝዞ አስቀራቸው። እኔ ግን እንከን ነበር የምፈልገው፤ አገኘሁም። ባረፈ ቁጥር የውሃ ጠርሙሱን ክዳን የሚከፍተው በቀኝ እጁ ነው። ግራኝ ሰው በቀኙ ከከፈተ ክርኑ ቢያመው ነው አልኩ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ይህችን ብቻ ብናገር ዩሴቢዮ ይቀርልኛል።

መኪናዬ ውስጥ ስገባ አፈርኩ። ያየሁት ሕመሙን ይሁን ምኞቴን መለየት አቃተኝ። ዩሴቢዮና ሊንድክቪስት ከዓመታት በፊት ለአንድ ወር በአንድ ቡድን ተጫውተዋል። ስለ ዝውውር ለተጫዋች መንገር ክልክል ስለሆነ ዩሴቢዮጋ ደውዬ ሊንድክቪስት ክዳን በየትኛው እጁ ይከፍት እንደነበር ብቻ ጠየቅኩት።

"ለምን ፈለጉት፣ ዶን ዴል?" አለኝ፤ "ዶን" በስፓኒሽ "ጋሼ" እንደማለት ነው።

"እንዲሁ ነው።"

"እርስዎ እንዲሁ አይጠይቁም። በእሱ ልትለውጡኝ ነው፣ አይደል?"

"ስለ ክዳኑ ብቻ ንገረኝ" አልኩ።

"ድሮም እንደዚያ ነው" አለ። "በግራው በር እንኳ አይከፍትም። ክንዱን እንደ ሙሽራ ነው የሚንከባከባት፤ ስንት ቀን አሹፈንበታል። ምንም አልሆነም።"

"ያመዋል ብትለኝ እኮ አምንህ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ። "እኔም መሄድ አልፈለግኩም።"

በማግስቱ ስብሰባው ላይ የወርዋሪው ክርን ጤነኛ ነው አልኩ። ከዚያ እንደ ልማዱ ቆሜ የዩሴቢዮን ድክመት ተናገርኩ፤ ሲሮጥ ኤሊ ነው አልኩ።

"ሌላስ?" አለች ማርሊን።

"ሌላ የለውም" አልኩና ተቀመጥኩ። ማርሊን ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ፤ ዝውውሩን ግን ፈረመች።

ከአራት ቀን በኋላ ሊንድክቪስት መጣ። ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ ዴል የሚባለው ማነው ብሎ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩት። የውሃ ጠርሙስ አወጣ፤ ክዳኑን በግራ እጁ፣ ቀስ አድርጎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ከፈተና ጠርሙሱን ሰጠኝ።

"ዩሴቢዮ ነው ያዘዘኝ" አለ። "ዶን ዴል ይህን ሳያዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ብሎኛል።"